ሳር ውስጥ የተተወ ካሜራ

«እህቴ ካሜራ ትሸከምልኝ ነበር» አለ በእውቀቱ። የሻለም የፊት መታጠቢያ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ አዲስ አበባ ላለ የሬዲዮ ጋዜጠኛ እየተናገረ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው የሠራሁት። ሰው ከተፈጥሮ ዓይን ሲታይ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፍ ሲነሳኝ የኖረ ነው። ሳር ውስጥ ተኝቼ፣ ምንጭ ውስጥ ገብቼ ነው የቀረጽኩት። አዎ፣ አገሩ ብርድ ነው። አይ፣ እሷ ሙያው የላትም። የሰርግ ቪዲዮ ነው የምታነሳው። ዕቃ በመያዝ አግዛኛለች።» ውሃው ሞቆ ስለነበር ማንቆርቆሪያው እጇን ያቃጥላት ጀመር፤ እሷ ግን አላስቀመጠችውም። እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችና ገብታ አስታጠበችው።

«ተባረኪ» አለ ፊቱን በፎጣ እያደረቀ። «ፕሮጀክተሩንና ስፒከሩን አደራ። በስምንት ሰዓት አዳራሹ ይሞላል። ፊልሙ እዚህ ውስጥ አለ» ብሎ ፍላሹን መዳፏ ላይ ጣል አደረገላት። የሻለም ፍላሹን ኪሷ ከተተች። ክፍሉ የሟች አባታቸው የአቶ ንጉሡ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ ልጄ መጣ ብለው ግድግዳውን ኖራ አስቀብተውታል፣ ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝተው አልጋው ላይ ዘርግተዋል፣ መስኮቱ ላይ የተማሪ ቤት ፎቶውን አቁመዋል። የሻለም ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ የምትተኛው ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ይህንን ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ብትጠይቅ «የበእውቀቱ ነው፣ ሲመጣ የት ያርፋል» ተብላለች። እሱ ደግሞ ከተዝካሩ ወዲህ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስቱዲዮዋ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ከተደረደሩት የኪራይ ሱቆች ሦስተኛው ነው። መስታወቱ ላይ አራት ጉርድ ፎቶ ሰማንያ ብር የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከውስጥ የሙሽሮች ፎቶና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበርና መብራት አብርታ ላፕቶፑን ከፈተች። ፍላሹን ሰካች። ፊልሙ «መሬት ስታይ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ወር በአንድ ትልቅ አዳራሽ ታይቶ፣ በጋዜጣ ተጽፎለት፣ ዛሬ ለተወለደበት አገር ሕዝብ ይታያል። በእውቀቱ አዲስ አበባ ሥዕል ያስተምራል፤ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ስምሽ መጨረሻው ላይ አለ» ብሏት ነበር። የሻለም ሌላውን ሁሉ አልፋ ወደ መጨረሻው ሄደች። ሐሳብ፣ በእውቀቱ ንጉሡ። ቀረጻ፣ በእውቀቱ ንጉሡ። ዝግጅት፣ በእውቀቱ ንጉሡ። ከዚያ በትናንሹ የምስጋና ዝርዝር ይመጣል፤ ስሟ ከሾፌሩና ከሆቴሉ ጥበቃ ቀጥሎ ሦስተኛ ላይ ተቀምጧል፤ ዕቃ በመያዝ ላገዙን ይላል።

ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ አንድ ሰርግ ላይ ሁለተኛውን ካሜራ ሳር ውስጥ ረስታው ሄደች። ማታ ሚሞሪውን ስትከፍት ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሳር ሥር ሕይወት ተቀርጾ አገኘች። ጉንዳኖች የሰርግ ፍርፋሪ ይጎትታሉ፣ የጨፋሪው እግር ከሰማይ እንደሚወርድ ግንድ ይወርዳል፣ ሳሩ ይተኛና ቀስ እያለ ይነሳል። ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ ሥራ በሌላት ቀን ሁሉ ካሜራዋን የሰው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ያዘች። በማር መያዣ ብርጭቆ ከድና አሽጋ ምንጭ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ውሃ ሊቀዱ የሚመጡት ሴቶች ፊት ከላይ እየተሰባበረ እየተጠገነ ሲታይ ዋለ። ሊቆረጥ የተፈረደበት ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ አሰረችው፤ ሰማዩ አንዴ ሁለቴ ተወዛወዘና መሬት እየሮጠች መጣች። አክስቷ የሚኖሩት አቀስታ ነው፤ እዚያ ገብስ ማሳ ውስጥ ተክላው በረዶ ሲወርድ ገብሱ የሚያየውን አየች። አጎቷ ወደ አጅባር ገበያ የሚወስዷት በግ አንገት ላይ አስራው፣ ስንት እጅ ወገቧን እንደጨበጠ፣ ስንት ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን እንዳየ ቀረጸች። የከተማው ሰው ሳቀባት። አባቷ ብቻ አንድ ቀን ቁጭ ብለው የበጓን አይተው «ደክሟታል» ብለው ነበር።

በእውቀቱም ስቆ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ራሱ ደወለ። «ያቺን የምትቀርጫትን ነገር እስቲ ላኪልኝ፣ እዚህ የሚያዩ ሰዎች አሉ» አላት። የሻለም ያን ቀን በደስታ ሱቋን ዘግታ ሁሉንም በዲስክ ገልብጣ፣ በአውቶቡስ ላከችለት። ደርሶኛል አለ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት እስኪደውል ድረስ ሌላ ቃል አልሰማችም፤ ሥራውን የራሱ እንዳደረገው ያወቀችው ዛሬ ጠዋት ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትቆም ነው።

ልቅሶ አልመጣላትም። የስም ዝርዝሩን ደግማ አነበበችው። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ፈርሂያ መቀሷን እንደያዘች ገብታ የመጨረሻውን ጽሑፍ ከላፕቶፑ ላይ አነበበች። ሁለቱ አብረው ተምረዋል፤ የሻለም ካሜራውን ስታስር በጓን የያዘችላትም ፈርሂያ ናት።

«ወላሂ፣ ፕሮጀክተሩን አትስጪው» አለች ፈርሂያ።

«ብከለክለው የሚታዘንለት ለእሱ ነው። ቅናት ነው ይባላል።»

«ታዲያ ዝም ልትዪ ነው?»

የሻለም መሳቢያዋን ከፍታ አሮጌውን ዲስክ አወጣች። ውስጡ ከሁሉም ለይታ ለወንድሟ ያልላከችው አንድ ቅጂ ነበር። የአባታቸው ተዝካር ዕለት ከቤቱ ጀርባ ካለው መስክ ላይ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ ሳሩ የሚያየውን ልትቀርጽ ካሜራውን ደብቃ ትታው ነበር። ማታ ስታየው መጀመሪያ ጥቁር ጫማ መጣ፤ ከዚያ በእውቀቱ ስልኩን እንደያዘ ሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከሥር ወደ ላይ እስከ አፍንጫው ቀዳዳ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚያወራው አዲስ አበባ ካለችው ሚስቱ ጋር ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል። የሻለም ያን ማታ አንድ ጊዜ ሰምታው ዘጋችው፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን አላጠፋችውም። አሁን ለፈርሂያ ከፈተችላት። ፈርሂያ እስከ መጨረሻው ድረስ ሰምታ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መጀመሪያውን አሳዪ» አለች። «ይገባዋል። የእናትሽን ግን ቁረጪው። እሳቸው ምን አጠፉ?»

«እቆርጠዋለሁ» አለች የሻለም፤ የምሯንም ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጣ የራሷን ፊልም ገጠመች። የወንድሟን አንዴ አይታ ተወችው፤ ከራሷ ዲስክ ውስጥ ሙሉዎቹን አወጣች። እሱ ሲያዘጋጅ ከእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ የጣለው አንድ ነገር ነበር፤ የሻለም ካሜራውን ከፍታ ስታስቀምጥ ፊቷ መስታወቱን ይሞላዋል፣ ቀኑንና ቦታውን ትናገራለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ትሄዳለች። ያንን ሁሉ መለሰችው። የመስኩን ቅጂ መጨረሻ ላይ አስገባች፤ የእናቷ ስም ከሚነሳበት ቃል በፊት ቆረጠችው። ፍላሹ ላይ የነበረውን ፊልም በዚህ ተካችው፤ ስሙን ሳትቀይር።

ምሳ ላይ ወይዘሮ የትምወርቅ ለልጃቸው ያሳረዱት በግ ቀረበ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሦስቱም ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ደርሰው ነው የተቀመጡት። እናትየው ጥሩ ጥሩውን ሥጋ እየመረጡ ወደ በእውቀቱ ገፉ፤ የሻለም ፊት ለፊት አጥንትና ጅማቱ ቀረ። አዲስ አበባ ስለሚያሠራው ቤት ጠየቁት፤ ጣራው አልቆ እንደሆነ፣ መታጠቢያው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ። በእውቀቱ «ትንሽ ቀርቶታል» አለና በእንጀራው ላይ አጎነበሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለውሃ ሲወጡም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙም፣ ለጎረቤቱ ሁሉ የሚነግሩት ይህንኑ ነው፤ በእውቀቱ ቤቱን ሲጨርስ ይወስደኛል፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው፣ ብርድም የለም። የሻለም እጇን ከምግቡ ሳታነሳ የወንድሟን ዓይን ፈለገች።

«ጠዋት በሬዲዮ የተናገርከውን ሰምቼዋለሁ» አለች።

በእውቀቱ መጉረሱን አላቋረጠም። «በሬዲዮ ሁሉን ነገር መዘርዘር አይቻልም፣ የሻለም። ሰው አንድ ስም ነው የሚይዘው። አንቺ ቀረጽሽ፣ እሺ። ከዚያ ሐሳብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያለ እኔ እኮ ሳር ነው፣ በቃ ሳር።»

ወይዘሮ የትምወርቅ የልጃቸውን ፊት አይተው ደነገጡ፤ ዞረውም የሻለምን ተቆጡ። «አሁን ይሄ በምግብ ላይ የሚነሳ ነው? ካሜራውን ከያዝሽለት ይበቃሻል። ስሙ የእሱ ይሁን። የአባቱን ቤት የሚያስጠራው እሱ ነው፣ አንቺ ነገ ተነገ ወዲያ ሰው ቤት ትገቢያለሽ። ደግሞስ ምን ይጎድልብሻል፣ የሰው ሰርግ ታነሻለሽ።» ይህን ብለው አንድ ጎድን አንስተው በእውቀቱ ፊት ጨመሩ። በእውቀቱ «ተይ እማ፣ አትቆጪያት» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ትልቅ ሰው። የሻለም ተነስታ እጇን ታጠበች። ሲወርድ የነበረው ውሃ ቆሟል፤ እሷ ግን እጆቿን ማሸቷን አላቆመችም።

ወደ ስቱዲዮዋ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ፈርሂያ ደንበኛ ለክታ እየሸኘች ነበርና ቆረጥሽው ወይ ብላ በእጇ ምልክት ጠየቀቻት፤ የሻለም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በሩን ከውስጥ ዘጋች። የመስኩን ቅጂ ከፈተችና የቆረጠችውን አርባ ሰከንድ አየችው። ድምፁን አጥፍታ የወንድሟን ከንፈር ብቻ እያየች ነበር፤ ቃሉን በቃሏ ታውቀዋለች። እማ ትስማ፣ አለች በልቧ። የምትመርጠው ጎድን ለማን እንደሆነ ትወቀው። ፊልሙን በሙሉ መልሳ ገጠመችው። ፍላሹ ላይ ጫነችና ፍላሹን ኪሷ ከተተች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከኋላ ቆመው የሚገፋፉ ተማሪዎች። ከባህል ቢሮ የመጡት አቶ ሁዜይፋ መድረክ ላይ ወጥተው ከሰላምታ በኋላ «የአካባቢያችን ልጅ ዓለምን በሳርና በውሃ ዓይን አሳይቶ አኩርቶናል» ብለው ንግግር አደረጉ፤ ጠረጴዛው ላይ በመስታወት የተከበበ ሰርተፍኬት ተዘጋጅቷል። ወይዘሮ የትምወርቅ ከመጀመሪያው ረድፍ መሀል፣ በልጃቸው ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ፈርሂያም ከጀርባቸው ነበረች። የሻለም ከኋላ፣ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆማለች። ኤሌክትሪክ እንዳይጠፋ ጄኔሬተር ተነስቷል፤ ጩኸቱ ከውጭ ይሰማል። መብራቱ ጠፋ።

ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የመጣው የራሷ ፊት ነበር፤ የበር ያህል ገዝፎ፣ ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶት። «ሐሙስ፣ ከምንጩ ሥር» አለ ድምፅዋ፤ ከዚያም ፊቷ ወደ ኋላ ሄደና ውሃው ደፈረሰ። ከተማሪዎቹ አንዱ «የሻለም ናት!» አለ። ሴቶቹ ምንጩን አወቁት፤ ጄሪካናቸውን አወቁት፤ የራሳቸው ፊት ከውሃው በላይ ሲሰባበርና ሲገጥም አዩት። ሳቅ ተነሳ፤ ሳቁ ግን የፌዝ አልነበረም። በእውቀቱ ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ። ሁለተኛው መጣ፤ እንደገና ፊቷ፣ «ቅዳሜ፣ ባሕር ዛፉ ላይ፣ ሊቆረጥ ነው።» ዛፉ ሲወድቅ አዳራሹ በአንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ። በእውቀቱ ተነስቶ በጨለማው ውስጥ ወደ እሷ መጣ።

«የተሳሳተ ፋይል ነው የከፈትሽው» አለ በሹክሹክታ።

«ትክክለኛው ነው።»

«አጥፊው።»

«ሂድና ለሕዝቡ ንገራቸው፣ አጥፉት በላቸው።» ክንዷን ያዘ። የሻለም ክንዷን አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው፤ ለቀቃት። የበጓ ክፍል ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰዎቹ አጅባር ገበያ ላይ የሚያውቋቸውን እጆች እየለዩ ስም ይጠራሩ ነበር። በእውቀቱ ሄዶ ለመቀመጥም ቆሞ ለመቅረትም አቅቶት መተላለፊያው መሀል ቀረ።

በረዶው በገብሱ ላይ ወርዶ ሲያበቃ መስኩ መጣ። «ተዝካሩ አልቋል፣ ከቤቱ ጀርባ» አለች ግድግዳው ላይ ያለችው የሻለም፤ ዓይኗ ያበጠ ነበር። ሳሩ ነፋስ ሲነካው ታየ። ጥቁር ጫማ መጣ። የበእውቀቱ ፊት ከሥር ወደ ላይ ግድግዳውን ሞላው፤ ድምፁም በሁለቱ ስፒከሮች ወጣ።

«እህቴማ አብዳለች። ካሜራ ሳር ውስጥ እየቀበረች፣ በግ አንገት ላይ እያሰረች ነው የምትውለው። ማፈሪያ ናት፤ አንድ ቀን ሳልሰብርባት አልቀርም። ይሄ ጥበብ ነው ብላ እኮ ነው። ... እዚህ የእኔን ሥዕል ማን ያይልኛል? የዚህ አገር ሰው በግና ድግስ ካየ በቃው፤ ሌላ ምንም አይገባውም።» አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚንቀሳቀስ ድምፅ እንኳን ጠፋ። አቶ ሁዜይፋ መነጽራቸውን አወለቁ። የግድግዳው በእውቀቱ ሳር ነቅሎ በጥርሱ ያዘና ቀጠለ። «እናቴን? ተይ እባክሽ። ቤቱ ሲያልቅ እወስድሻለሁ ያልኳት ዝም እንድትልልኝ ነው። ምን አደርጋታለሁ እዚያ? እንግዳ ሲመጣ የት እደብቃታለሁ? እዚሁ ከየሻለም ጋር ትሁን። ለስንት ቀን ነው።» ሳቀ፤ ተነሳ፤ ጫማው ሄደ። ሳሩ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ ፊልሙም አለቀ።

መብራቱን ያበራው አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ የሻለም አላየችም። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተነስተው በእውቀቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አብሽር፣ በግም አየን፣ ድግስም አየን፣ አንተንም አየን» ብለው ወጡ። ሌላውም ተከትሎ መውጣት ጀመረ። በእውቀቱ «የቀልድ ነው፣ ያኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ» የሚል ነገር ጀምሮ የሚሰማው ሲያጣ፣ እናቱን ሳያይ በጎን በር ወጣ። ከውጭ መኪናው ሲነሳ ተሰማ። የሻለም ይህን ሁሉ ቆማ አየች። መቼም እንዲህ ቀሏት አያውቅም። አንዲት የማታውቃት ሴት እጇን ይዛ «ምንጩን እንዲህ አድርጎ ያየው የለም» አለቻት፤ ተማሪዎቹ ዙሪያዋን ከበቧት።

ወይዘሮ የትምወርቅ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ የሻለም ወደ ፊት ሄደች። እናቷ አላለቀሱም፤ ባዶውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት።

«ይሄ የተዝካሩ ዕለት ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ያን ማታ ነው የሰማሽው?»

«ያን ማታ።»

ወይዘሮ የትምወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ ይወስደኛል እያልኩ ሳወራ አጠገቤ ነበርሽ። ውሃ ስንቀዳም ነበርሽ። አንድ ቀን እማ ተይ አላልሽኝም። ዛሬ ያሰማሽኝ አዝነሽልኝ አይደለም።»  እናትየው እጃቸውን ዘርግተው ፈርሂያን ያዙና ተነሱ። «አንቺ ቤት ውሰጂኝ ልጄ፤ ዛሬ እቤት አልገባም» አሏት።

«እሺ እማማ፣ ይምጡ፣ ቀስ ይበሉ» አለች ፈርሂያ። የሻለምን አላየቻትም። ሁለቱ ተያይዘው በመተላለፊያው ሄዱ፤ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች መንገድ ከፈቱላቸው።

የሻለም ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረች። ፕሮጀክተሩ ገና እንደጋለ ነበር። አቶ ሁዜይፋ ሰርተፍኬቱን በብብታቸው ይዘው መጡ። በሚቀጥለው ወር ወረኢሉ ከተማ ላይ ተመሳሳይ ዝግጅት እንዳለ፣ እሷ እንድትቀርብ እንደሚፈልጉ ነገሯት። «ይሄኛው ደግሞ ይስተካከላል፤ እስከ ሰኞ አሳትሜ አመጣልሻለሁ» አሉ መስታወቱን እያሳዩዋት። «ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ።»

«የሻለም ንጉሡ።»

አቶ ሁዜይፋ የተጻፈውን አዩና እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እንግዲያማ ቀላል ነው፤ የፊተኛውን ስም ብቻ ነው የምንለውጠው» አሏት። የሻለም አዎ አለች፤ ከበሩ ወዲያ እናቷ በፈርሂያ ክንድ ላይ ተደግፈው፣ በቤታቸው መታጠፊያ ሳይታጠፉ ሲያልፉ እያየች።